አራጅ የሌለው ፈተና

ሆዱን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቶ የሚኖር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ የሶማሊላንዷ ሐርጌሳ ከጦርነት ፍርስራሿ በምትነሣበት ዘመን አንድ አግኝቻለሁ፤ የመሥሪያ ቤታችን መሐንዲስ ጋሽ ደምሴ። ሐኪም «ምግብ ይቀንሱ» ብሏቸዋል። በየግብዣው ሥጋ ሲቀርብ «ወደ ፈተና አታግባን!» እያሉ ጮክ ብለው ይጸልዩና እጃቸውን ይሰበስባሉ። «ሆዴን ያሸነፍኩት በእምነቴ ነው» ይሉናል። እኛም እናደንቃለን። የከተማው አራጅ ሁሉ ሙስሊም እንደሆነ፣ እሳቸው ደግሞ ሙስሊም ያረደውን እንደማይበሉ ማን ልብ አለ?

አንድ ቀን ድሬዳዋ ያደገው ባልደረባችን አብዲ የፈረሰ ቤቱን መልሶ ሠርቶ ምሳ ጠራን። ለጋሽ ደምሴ ብሎ ከበርበራ ወደብ ዓሣ አስመጥቷል።

«ይብሉ ጋሼ፣ ዓሣ አራጅ የለውም» አላቸው።

ምን ልበላችሁ! ጸሎቱም ተረሳ። ትሪው ሊያልቅ ሲል ቀና ብለው፣ «ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ ዓሣ በልቷል» አሉኝ።

«በልቷል» አልኳቸው፤ «አንድ ቁራጭ።»

እጃቸው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። ያነሡትን መልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ሲጸልዩ ያኔ ገና ማየቴ ነበር።