የጋሽ በላቸው ጭብጨባ

ታናሽ ወንድሜ ደምሴ በደህና የዋለባት የመጨረሻዋ ቀን፣ ወደ ቆርቆሮ ነጋዴው ወደ ጋሽ በላቸው ሱቅ ሄደን ነበር።

ለመሆኑ ካልተጨበጨበለት እጁ የማይዘረጋ ሰው ታውቃላችሁ? ጋሽ በላቸው እንዲያ ነበሩ። እንደ ደምሴ አእምሯቸው ለዘገየ ልጆች መማሪያ ቤት እርዳታ ሲሰበሰብ፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተነሥተው «ጣሪያው በእኔ» አሉ። ከተማችን አሰበ ተፈሪ አጨብጭባ እስኪደክማት አልተቀመጡም። ሰው ሁሉ ካቆመ በኋላም ያጨበጨበላቸው ደምሴ ነበር። ግድግዳው ቆመ፤ ክረምቱ ደረሰ፤ ቆርቆሮው ግን ከሱቁ አልወጣም።

«ጋሼ፣ ጣሪያችንስ?» አላቸው ደምሴ።

«ነገ፣ የኔ ልጅ።»

አመናቸውና አጨበጨበላቸው። ከዚያ ትኩሳት ጣለው፤ ሳምንት ሳይሞላ ቀበርነው።

በቀብሩ ማግስት ጠዋት ከለቅሶው ድንኳን ወጥቼ፣ ሱቃቸው ፊት ቆሜ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

«ማል ታኤ? ምን ተገኘ?» አለችኝ ከቦኬ የመጣች ገበያተኛ።

«ጋሽ በላቸው ዛሬ ጣሪያውን ሊሰጡ ነው።»

እሷም አጨበጨበች፤ ገበያው ተከተላት። ጋሽ በላቸው ብቅ አሉ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ራሳቸው ተሸክመው ከፊት ከፊታችን መሩ። መማሪያ ቤቱ በዚያው ቀን ተከደነ። ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ዝም ሲል፣ እኔ በደምሴ ፈንታ ጥቂት ጨመርኩላቸው።