የእብጠት ፊታውራሪ

በየሰፈሩ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከፈን የሚለካ አንድ ሰው አይታጣም። በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ሸዋጌጥ ግን ማስነጠስ አይመጥናቸውም፤ ሥራቸው እብጠት ነው። ማዕረግ የሚሰጥ ጠፍቶ እንጂ የእብጠት ፊታውራሪ ነበሩ። ሰላምታቸው ራሱ ምርመራ ነው፤ "አከም ቡልቴ?" እያሉ አንገት ሥር ይዳስሳሉ፣ ክንድ ይጫናሉ። ጣታቸው አንዳች ነገር ካገኘ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምር!" ይላሉ።

የሰፈሩ ሰው ገቢሳ ማር ሲቆርጥ ንብ ግንባሩን ነደፈችው። ወይዘሮ ሸዋጌጥ አይተው ራሳቸውን ቢነቀንቁ፣ ያ ግትር ሰው ሮጦ ሄዶ ለዓመታት ከተኳረፈው ወንድሙ ጋር ታረቀ። በማግስቱ እብጠቱ ጎደለ፤ ኩርፊያውም ተመለሰ።

ድርቤ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናትና ከሁሉ የባሰባት እሷ ነበረች። በአንድ ክረምት ስንቴ ቀብረዋታል! ስለዚህ ሴትዮዋ ድንገት መዳሰሱን ትተው ቤታቸውን ሲዘጉ እፎይ አለች። ሳምንት ሲያልፍ ግን አላስችላት ብሎ ሄደች።

"ድርቤ ልጄ፣ ጭኔ ላይ አንድ ነገር በቅሏል" አሉ ወይዘሮ ሸዋጌጥ። "ጠጣር ነው። እንግዲህ መሄዴ ነው።"

እየጎተተች ወደ ሚስዮኑ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ፈረንጁ ሐኪም ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አያውቅም፤ የወይዘሮ ሸዋጌጥ ኦሮምኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ድርቤ አስተርጓሚ ሆነች። ሐኪሙ ዳሰሰና ወድቀው እንደሆነ ጠየቀ። አዎ፣ ቢላ ከሚባለው ከተማ ከልቅሶ ሲመለሱ በቅሎ ጥላቸው ነበር። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ረጅም ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?"

ድርቤ ወደ እሳቸው ዞረች። እንዲህ ያለ ቀን ዳግም አይገኝም! ራሷን ነቅነቅ አድርጋ የገዛ ቃላቸውን ብትመልስላቸው ማን ይፈርድባታል? አፏን ከፈተች። የሰፈሩን አንገት ሁሉ ሲዳስስ የኖረው እጃቸው ግን የእሷን ነጠላ ጫፍ ጨብጦ ይዞ ነበር። አንጀቷን በሉት።

"ሲወድቁ የተመታው ስብ ሞቶ ጠጥሮ ነው እትዬ። ክፉ ነገር አይደለም። አይገድልም ነው የሚለው።"

"ስብ?" ወይዘሮ ሸዋጌጥ መጀመሪያ አማተቡ፣ ቀጥለው ተቆጡ። "ለስብ ነው እንዴ ንስሐ የገባሁት? ደግመሽ ጠይቂው!"

ድርቤ ልትስቅ ብላ እንባዋ ቀደማት።

"አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? የሞተው ስቡ ነው።"

"ያ ዋቃዮ! እርስዎ ቢሞቱብኝ ማን ያስፈራራኛል?"