የተኛው ጠርሙስና የአማቴ ጉሮሮ

«ከፈረንጅ ስጦታ ተቀበልሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ «እንኳን ደስ ያለህ» አትበሉት፤ «እግዜር ያጥናህ» በሉት። የኛ ሰው ሲሰጥ ሰጠ ነው፤ በቃ። በግ ከሰጣችሁ ታርዳላችሁ፣ ማር ከሰጣችሁ ትልሳላችሁ። ፈረንጅ ግን ስጦታ አስመስሎ የሚሰጣችሁ ሥራ ነው። ይኸን የምለው ከምቀኝነት አይደለም። አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳስታምም የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ነው።

እንደምታውቁት እኔ ደብረ ማርቆስ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነኝ። አዲስ አበባ ስማር ያጠናኋት ጥቂት ፈረንሳይኛ አለችኝ። በዚህች ፈረንሳይኛ ምክንያት፣ ሙሴ ሮቤር የሚባል ፈረንሳዊ የውኃ ጉድጓድ መሐንዲስ ወደ ከተማችን በመጣ ጊዜ «አንተ ታስተረጉምለታለህ» ተባልሁ። ሙሴ በግቢዬ ካለችው ትርፍ ክፍል ተከራይቶ ከረመ። ቀን ቀን ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ሲመሽ ስለ አገሩ ወይን ያወራል። ስለ ውኃ ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም። ውኃ ለሌላው ሰው የሚያወጣ ሰው ነበር።

ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ሲነሣ፣ ለስንብት አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞ መጣ። ቦርዶ ከሚባለው አገር ነው፤ አባቱ የላኩለት። ከአዲስ አበባ ሲያመጣው፣ የዓባይ በረሃ ሙቀት እንዳይነካው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር። ሾፌሩ እንዳጫወተኝ፣ ደጀን ወጥተው ንፋስ እስኪያገኛቸው ድረስ የሙሴ ላብ በአገጩ ጠብ ጠብ ሲል አንድም ጊዜ ግንባሩን አልጠረገም። ጨርቁ የጠርሙሱ ነዋ።

«ይኸ ትልቅ ወይን ነው» አለኝ፤ ሰው የተኛበት ቤት እንደገባ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ገና ልጅ ነው። አሁን ቢከፈት ግፍ ነው። ከቀዝቃዛና ከጨለማ ቦታ ጋደም አድርገህ አስተኛው። አትነቅንቀው፣ ብርሃን አታሳየው፣ ሙቀት አታስነካው። ተመልሼ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ አብረን እንከፍተዋለን።»

«መቼ?» አልሁት።

«ሲያድግ።»

እንግዲህ ነገሩ አደራ ሆነ። አደራ ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ ለእናንተ አልነግራችሁም። ባለቤቴ ትርንጎ የጠላ ጋኖቿን ከምትደረድርበት ጓዳ ጥግ ገብቼ ጉድጓድ ቆፈርሁ። ከወንዝ አሸዋ አስመጥቼ አነጠፍሁ። ጠርሙሱን በጎኑ አስተኛሁና በላዩ ሳንቃ ከደንሁበት። ትርንጎ እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ሙሉ ጠርሙስ ለምን ይተኛል?»

«ሥርዓቱ ነው።»

«የኔ ጠላ ቆሞ ነው የሚደርስ።»

«ያንቺ የአገር ቤት መጠጥ ነዋ። ይኸ የፈረንጅ ነው።»

«መቼ ነው የሚጠጣው ታዲያ?»

«ሲያድግ» አልሁ። ሙሴ ሲለው እንዲህ የሞኝ ነገር አይመስልም ነበር።

«መቀመጥ ሲችል ንገረኝ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እስከዚህ ድረስ ጣጣው የኔና የሚስቴ ነበር። ከዚያ አማቴ መጡበት። አማቴ ግራዝማች አድማሱ የይጁቤ ሰው ናቸው፤ በዓል በመጣ ቁጥር በበቅሏቸው ከች ይላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ለጸሐፊ መዳራቸውን ግን እስከ ዛሬ አልረሱትም። ጸሐፊ ማለት በሳቸው ዘንድ ቁራሽ ከመስጠቱ በፊት መዝግቦ የሚሰጥ ሰው ነው። ይኸን አስተያየታቸውን ለማስለወጥ ያላረድሁት በግ የለም።

በዚያው ዓመት፣ የበኩር ልጃችን ክርስትና ዕለት ቤቱ በዘመድ እንደተሞላ፣ ወሬውን ማን እንዳቀበላቸው እንጃ፣ ግራዝማች ቀጥ ብለው ጓዳ ገቡ። ሳንቃውን አነሡ። ከጠርሙሱ ላይ ያለውን የትልቅ ድንጋይ ቤት ሥዕል በጣታቸው ነካ አድርገው፣

«ይኸ የማን ቤት ነው?» አሉኝ።

«የባለወይኑ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው መጠጥ ይሸጣል?»

እጄን ወደ ሳንቃው ሰደድሁ።

«በል አውጣው» አሉ። «የልጅ ልጄን እንመርቅበት።»

«ግራዝማች… ገና አልደረሰም እኮ።»

አያችሁ፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን እንዳልሁ ገባኝ። በአገራችን «ጠላው ገና አልደረሰም» የሚለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እንግዳው ቶሎ እንዲሄድለት የሚፈልግ ንፉግ ነው። ይኸን ቃል ላማቴ፣ በልጄ ክርስትና ዕለት፣ የይጁቤ ዘመድ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ሲሰማ ተናገርሁት። ስለ አደራው፣ ስለ ሙሴ፣ ስለ እርጥቡ ጨርቅ ላስረዳ ሞከርሁ። ባስረዳሁ ቁጥር የበለጠ ንፉግ መሰልሁ።

ግራዝማች ሳንቃውን በጥንቃቄ መልሰው ከደኑት።

«የደረሰ ዕለት ጥሩኝ» አሉ። «እስከዚያ ድረስ በዚህ ቤት ጉሮሮዬ አይረጥብም።»

ቃላቸውን ጠበቁ። መምጣታቸውን አልተዉም፤ መብላታቸውንም አልተዉም። የተዉት መጠጣታቸውን ብቻ ነው። እስቲ ዶሮ ወጥ ያለ ጠላ፣ ያለ ውኃ ብሉና እዩት። አንድ የገና ዕለት እንቁላሉ መንገድ ላይ ቆመባቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ አንገታቸው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ትርንጎ ጠላ የሞላ ዋንጫ ይዛ «አባዬ በማርያም!» እያለች ብትለምናቸው እጃቸውን እያወዛወዙ አባረሯት። ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ጉሮሯቸውን ሲከታተል፣ ታቦቱ ይመስገንና አለፈ።

«ግሩም ወጥ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ አገር እየመጣ።

ሸኝተናቸው ስንመለስ ትርንጎ በመንገድ ላይ ቆመች። «አባዬ አንድ ቀን ከዚህ ቤት ታንቀው ይሞታሉ» አለችኝ። «ያን ጊዜ ወይንህን ለተዝካራቸው ትከፍተዋለህ።» እያለቀሰች ነበር። እኔም የልቤን ልናገርና፣ ያን ዕለት ልከፍተው ጉድጓዱ ድረስ ሄጄ ነበር። ሳንቃውን ሳነሣ ላቡን ሳይጠርግ ዓባይን የተሻገረው ሰው ትዝ አለኝ። መልሼ ከደንሁት። በአንድ በኩል ሰው ያመነኝ አደራ፣ በሌላ በኩል የአማቴ ጉሮሮ… መካከል ላይ እኔ።

ክረምት ሲገባ ትርንጎ ስለ ጠርሙሱ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ይኸ ሁሉ ብርድ አይጎዳውም?»

«ብርድ ነው የሚወደው።»

«ብርድ የሚወድ መጠጥ አለ?»

«አለ» አልኋት፤ እንደ አዋቂ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጠርሙሱ አንድም ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋን መስማማት አድርጌ ወሰድሁት፤ እንዲያውም የሙሴ ትምህርት በኔ በኩል ወደሷ ተላልፏል ብዬ ትንሽ ኮራሁ።

ዘንድሮ ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ አንድ ላንድሮቨር ከደጃፌ ቆመ። ሙሴ ሮቤር ነው። ጢሙ ሸብቷል። ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ፣

«ደህና ነው?» አለኝ። ስለ ልጆቼ እየጠየቀኝ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

«ተኝቷል» አልሁት። ሙሴ አቅፎ ሳመኝ።

ወዲያው ወደ ይጁቤ «ደርሷል» ብዬ ላክሁ። ግራዝማች በማግሥቱ፣ ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ደረሱ። ከበሩ አጠገብ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ። ጠርሙሱን አላዩትም። ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው አይቸኩልም።

ሙሴ ወይኑን ከጉድጓዱ በሁለት እጁ አውጥቶ ቡሹን ነቀለ። በገዛ ብርጭቆው ትንሽ ቀዳ። ይኸን ጊዜ ግራዝማች ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በኛ አገር ጠጅ አሳላፊ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ እንደማይሰጥ ታውቃላችሁ።

«ቀድሞ ይቀምሳል» አሉኝ ቀስ ብለው። «አሳዳጊ ያለው ሰው ነው።»

ሙሴ ብርጭቆውን አዟዙሮ ወደ ብርሃኑ አየ፤ አሸተተ፤ ቅንድቡ ትንሽ ተሰበሰበ።

«ጠንቃቃ ነው» አሉ ግራዝማች።

ሙሴ ጎንጨት አለና ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አገላበጠው። ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሞተ። ብድግ አለ። አፉ ሙሉ ነው፣ ጉንጮቹ ተነፍተዋል፣ ዓይኑ በሩን ይፈልጋል። በሱና በበሩ መካከል ደግሞ ግራዝማች ተቀምጠዋል። እንግዲህ በግራዝማች ቦታ ሁኑና ፍረዱ። ጢሙ የሸበተ ሰው መጠጥ አፉ ውስጥ እንደያዘ ከፊታችሁ ቢቆም ምን ሊያደርግ ነው ትላላችሁ? የኛ ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ ይል የለም?

ግራዝማች ባርኔጣቸውን አወለቁና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሙሴ ጨዋ ሰው ነው፤ ሊውጠው ታገለ። ወይኑ እምቢ አለ።

«አሜን» አሉ ግራዝማች።

ከቅንድባቸው ላይ ቀይ ጠብታ በጉንጫቸው እየወረደ ቀና አሉ። «በነሱም አገር እንዲህ ነው የሚመርቁ?» አሉኝ።

«እንዲሁ ነው፣ ጌታዬ።»

ሙሴን በፈረንሳይኛ «ምን ሆንህ?» አልሁት። «ተቀቅሏል» አለኝ። «ሆምጣጤ ሆኗል። ይኸ ወይን እሳት ዳር ኖሯል።»

«ከጉድጓዱ ወጥቶ አያውቅም!» ብዬ ማልሁለት፤ ወደ ትርንጎም ዞሬ «እሳት ዳር ኖሯል ይላል፤ ትሰሚያለሽ?» አልኋት። ትርንጎ ወደ ጣሪያው ታያለች። ጣሪያችን ላይ የሚታይ ነገር የለም።

«ትርንጎ።»

«ክረምት ክረምት ብቻ ነው» አለች።

«ክረምት ክረምት ምን?»

«ጠላ አልደርስ ሲል ምድጃ ዳር አይዶለም የምናስጠጋው? አንተ ቢሮ ስትሄድ በጋቢ ጠቅልዬ ምድጃ ዳር አቆመው ነበር። ሳትመጣ እመልሰዋለሁ።» «ቶሎ ይድረስ ብዬ እኮ ነው። አባዬ ከቤቴ ጉሮሯቸው ደርቆ ሲመለሱ አንጀቴ አልችል አለ።»

ሙሴ «ምን አለች?» አለኝ። ተረጎምሁለት። «ጋቢ» የምትለዋን በፈረንሳይኛ ስላላወቅኋት «ብርድ ልብስ» አልሁት። ሙሴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በእርጥብ ጨርቅ ዓባይን የተሻገረ ወይን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እሳት ሲሞቅ መክረሙን ለመስማት መቀመጥ ያስፈልጋል።

ግራዝማች ትንሽ ጊዜ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ብርጭቋቸውን ወደኔ ዘረጉ።

«ቅዳልኝ።»

«ጌታዬ፣ ተበላሽቷል። ይቅርብዎ።»

«ልጄ እሳት ዳር ያሳደገችውን እኔ ሳልጠጣው ማን ሊጠጣው ነው? ቅዳ።»

ለወግ ያህል ጠብ አደረግሁ። ብርጭቆውን አልመለሱትም። እስኪሞላ ድረስ እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ግራ ዓይናቸው በገዛ ፈቃዱ ተዘጋ፤ ለመከፈትም ጊዜ ወሰደበት። ሙሴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያያቸዋል። ግራዝማች ጢማቸውን ጠረጉ።

«ግሩም ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ከዚያው ከገናው ሩቅ አገር እየመጣ። «ግን ገና ልጅ ነው። መልሰህ አስተኛው።»

ለሙሴ ቃል በቃል ተረጎምሁለት። ሙሴ ተነሥቶ እጅ ነሣቸው።

ግራዝማች ወደ ትርንጎ ዞሩ። «እሱ እስኪያድግ ድረስ፣ ልጄ፣ ከዚህ ቤት የደረሰ ጠላ የለም?»

ትርንጎ እየሮጠች ጓዳ ገባች። ስትቀዳ ከጥድፊያዋ የተነሣ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ግራዝማች ግን ዋንጫውን ደጋግመው ዘረጉላት። ደስ አለኝ፤ እንደዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሙሴም ጠላውን አዟዙሮ አየው፣ አሸተተው፣ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አገላበጠው፤ ዋጠውም።

ባለፈው ቅዳሜ ግራዝማች መጥተው ነበር። ጠላቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ በአገጫቸው ወደ ጓዳው አመለከቱና «እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ተኝቷል» አልኋቸው።

«አትቀስቅሰው» አሉ።