መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶቻችን፤ እኔም ለዚህ ተረት ታማኝ ሰው ነኝ። ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ስወጣ በሬን እቆልፍና ጥቂት ራመድ ካልኩ በኋላ ተመልሼ ጓጉንቸሩን ሳብ አደርገዋለሁ። እግዚአብሔር እንደሚጠብቀኝ አምናለሁ። ግን እሱ ስንቱን ጓጉንቸር ያያል? አትሳቁ፣ እናንተም እንዲሁ ናችሁ።

ታዲያ እዚህ ዳንግላ «አረቂ የጎዳቸውን ሴቶች በነጻ እናክማለን» የሚሉ የጤና ባለሙያዎች ሲመጡ ጠረጠርኩ። በነጻ? መርፌ የለ፣ ክኒን የለ፤ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ያወራሉ አሉ። ስካር በጠበል እንጂ በወሬ ይለቃል? ወሬማ አረቂ ቤትም ሞልቷል።

ጎረቤቴ አለምነሽ ግን ሄደች። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ድስቷን የሚገዛ ሁሉ አብሯት ማዕድ የማይቆርስ፣ «ቡዳ ናት» ብሎ ልጁን የሚሸሽግባት። ሸክላው አላበላ ሲላት አረቂ ማውጣት ጀመረች፤ እያደር ራሷም ጠጪ ሆነች። ሐኪሙ «ጉበትሽ ተጎድቷል፤ ካልተውሽ ትሞቻለሽ» ብሏታል።

ሴቶቹን የምታወያየው ሲስተር «ጎረቤትም ይምጣ» ብላ ላከችብኝ። ሃይማኖት ሊያስለውጧት ይሆናል ብዬ ሄጄ፣ ጆሮዬን አቁሜ በሩ ጥግ ተቀመጥኩ።

«እትዬ አለምነሽ፣ መጠጡን እንዴት ጀመሩት?» አለቻት።

«ምን እኔ ጀመርኩት፣ ጀመሩልኝ እንጂ! መርዝ ታጠጣኛለች ብሎ የሚፈራኝ ሁሉ መለኪያውን ይዞ ‹መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ› ይለኛል። ሃያ ሰው ሲመጣ ሃያ ጊዜ እቀምሳለሁ። እነሱ አንዳንድ ብለው በሰላም ይገባሉ፤ እኔን የሚያነሳኝ ጠፍቶ አድራለሁ።»

«የእኔዎቹስ ‹ጎንጨት አድርጊው› ነው የሚሉት!» አለች ከክቡ አንዷ አረቂ ሻጭ። ሁሉም ሳቁ።

አለምነሽ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼማ ጾም ሲፈታ መጥተው ሁለቴ ነው የሚያስቀምሱኝ።»

አልዋሸችም፤ ጠንቃቃ ሰው ነኝ።

ያን ቀን ጠበል ነው መድኃኒቱ የሚለውን ክርክሬን ዋጥኩት። ጠበሉማ የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ አንድዬ ያውቃል።

እነሆ አምስት ወሯ፣ ጠብታ አልቀመሰችም። አረቂውን ጥላ ሻይ ትሸጣለች። ትናንት ጎራ አልኩ። ብርጭቆውን ፊቴ አስቀምጣ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። ሻይ ብትቀምስ እንኳ አይጎዳትም፤ ሲስተሯም አልከለከለቻትም። «መጀመሪያ አንቺ» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። አማተብኩና ሳይበርድ ጨለጥኩት።

ምላሴ ተላጠ እንጂ፣ እስካሁን ደህና ነኝ።