ቁልቁለት እምቢ ያለው ባትሪ

ሰው ዳገት ሲወጣ ይዘጋጃል። ቀበቶውን ያጠብቃል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ልቡንም «አይዞሽ» ይላታል። ቁልቁለትን ግን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት ያውቃል? «ቁልቁለት ነው፣ ራሱ ይወስደኛል» ይባላል። ልክ ነው፣ ይወስዳል። የት እንደሚወስድ ነው ያልተነገረን። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጉለሌ፣ ከቀጨኔ ከፍ ብሎ፣ ሜዳ የሚባል ነገር አልጋ ላይ ብቻ በሚገኝበት መንደር ስለሆነ ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብኝ። አላወቅሁም። ያወቅሁት የጎልፍ መኪና ባትሪ በገዛ እጄ ከቀየርኩ በኋላ ነው።

የጎልፍ መኪና ለጉለሌ ምኑ ነው ትሉ ይሆናል። ሚስቴም ብላኛለች፣ እንደ እናንተ በጨዋ ቃል ባይሆንም። ነገሩ ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከግቢ ወጥተው አያውቁም፣ ቀጨኔ መድኃኔዓለምን ከተሳለሙም ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ታክሲ ወደ ቅያሳችን አይገባም። ባጃጅ ልጥራልዎት ስላቸው፣ ሦስት እግር ያለው ነገር በርጩማ ነው፣ በርጩማ ደግሞ ቆሞ ነው የሚያምርበት ብለው ማሉ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረና፣ ዘንድሮ ለንግሡ ካላስቀደስኩ የሚቀጥለው ጉዞዬ በሰው ትከሻ ነው አሉኝ። ይህን ሰምቶ የሚቀመጥ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው?

በዚያው ሰሞን አንድ የሰርግ አዳራሽ ተዘግቶ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ሙሽሮችን ከበር እስከ መድረክ ሲያመላልስ የኖረ የጎልፍ መኪና አገኘሁ። ጠባብ ነው፣ አራት እግር አለው፣ ጣሪያው ላይ ነጭ መጋረጃ ተንጠልጥሎበታል። ጉድለቱ ባትሪው መሞቱ ብቻ ነበር። የድሮዎቹ የአሲድ ባትሪዎች እያንዳንዳቸው የሰባ ወጠጤ ያህል ይከብዳሉ፣ እኔ ግን ዘመናዊ ሰው ነኝና ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና የወጣ ሊቲየም ገዛሁ። ባለሙያ ልጥራ? ለምን ብዬ! ባለሙያው ስልኬ ውስጥ አለ። ፈረንጁ በቪዲዮ እያፏጨ አሮጌውን ያወጣል፣ እያፏጨ አዲሱን ያስገባል፣ ከዚያ ጠረጴዛ በመሰለ ሣር ላይ ይንሸራሸራል። እኔም ከማፏጨቱ በቀር ሁሉን እንደሱ አደረግሁ። ያላስተዋልኩት ሰውየው የሚኖረው ሜዳ ላይ መሆኑን ነው።

ሊቲየም የሚባለው ነገር ቁጡ ስለሆነ ዘበኛ አለው። መዳፍ የምታህል የሽቦ ሰሌዳ ናት። ባትሪው ከልክ በላይ ሲራብ ታጠፋዋለች፣ ከልክ በላይ ሲጠግብም ታጠፋዋለች። እኔ ረሀቡን እንጂ ጥጋቡን አልፈራሁም። ጠግቦ ሥራ የሚያቆመው ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ለሙከራ ባትሪውን ጢም አድርጌ ሞላሁና ከግቢዬ ወጣሁ። ከግቢዬ ሲወጡ ያለው አንድ ነገር ነው፣ ቁልቁለት። እንዲህ ያለ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ይይዛል፣ በመያዙ የሚያመነጨውንም ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ግሩም ፈጠራ ነው፣ ባትሪው ቦታ ካለው። የእኔው ግን ጢም ብሏል። ዘበኛዋ የታክሲ ረዳት በዕድሜው ተናግሮት የማያውቀውን ቃል ተናገረች፦ ሞልቷል! ተናግራም ሁሉን ነገር አጠፋች። የሞተሩ ፍሬን ሄደ። የእግሩ ፍሬን ደግሞ የተሠራው ለሣር እንጂ ለጉለሌ አይደለም። የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ በስማቸው እየጠራሁ ወርጄ፣ ጎረቤት ለግንባታ ብሎ መንገድ ላይ ከደፋው የአሸዋ ክምር ውስጥ ገባሁ። ይህ አሸዋ ይነሳልን ብዬ ወረዳ ድረስ አቤት ያልኩት እኔ ነኝ። የሚሰማኝ ጠፍቶ ዳንኩ።

አሸዋውን ከጆሮዬ እያራገፍኩ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ሶኬቱ ያለው ቤቴ ነው፣ ቤቴ ያለው አናት ላይ ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የምነሳው ጠግቤ ነው፣ ሁልጊዜ የምሄደው ወደ ታች ነው። ለመውረድ ከፈለግሁ መጀመሪያ ወደ እንጦጦ ወጥቼ ባትሪውን ማስራብ አለብኝ። ታች ለመድረስ ላይ የሚኬድበት መጓጓዣ ከእኔ በፊት የሠራ ሰው ካለ ይንገረኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው ብላችሁ ይሆናል፣ ግማሹን ብቻ መሙላት። እኔም ብያለሁ። በንግሡ ዋዜማ ግማሽ ሲደርስ ነቀልኩትና እየፎከርኩ ተኛሁ። ማለዳ ስነሳ መልሶ ጢም ብሏል። ሶኬቱ ያለው በአክስቴ ክፍል በኩል ነው፣ ተነቅሎ ሲያዩት አዝነው መልሰው ሰክተውታል። ምነው እትዬ ብላቸው፣ በባዶ ሆዱ የሚያስቀድሰው ሰው ነው እንጂ ብረት ጹም ተብሏል ወይ አሉኝ። 

ደወሉ ከታች ይሰማል፣ ቅዳሴው ሊገባ ነው፣ አክስቴ ነጭ በነጭ ለብሰው መኪናው ላይ ተቀምጠዋል። እንጦጦ ወጥተን እንመለስ ካልኩ ቅዳሴው ይወጣል። ባትሪው ትንሽ ይጉደል ብዬ መብራቱን አበራሁ፣ ጥሩምባውን ነፋሁ፣ ባትሪው እንደሆነ ንቅንቅ አላለም። እሳቸውም መንገድ መንገዱን ያያሉ። 

ያወጡን የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ወርቁ ናቸው። የድንኳን ገመድ አወጡ፣ ቀብር ላይ የሚሸከሙ አራት ጎረምሶች ጠሩ፣ ገመዱን ከኋላ አሰሩና እየያዛችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ሊቲየም ከመምጣቱ በፊት ነው። አክስቴ ብርዱን ፈርተው ነጠላቸውን እስከ ፊታቸው ተከናንበው ወደ ኋላ ጋደም አሉ፣ እኔ መሪ ያዝኩ፣ ጋሽ ወርቁ ከፊት ቀደሙ፣ ጉዞ ጀመርን።

አሁን እናንተ መንገድ ዳር ቆማችሁ እዩን። ነጭ መጋረጃ፣ ተሸፋፍነው የተጋደሙ ሁለት ዓመት ያልታዩ አሮጊት፣ የእድር ገመድ፣ የእድር ሰዎች፣ ቀስ ያለ እርምጃ፣ አቅጣጫው ወደ ቤተ ክርስቲያን። ምን ትላላችሁ? ሰፈሩም እሱኑ አለ።

ባለሱቁ ሐጂ ሙዘይን በራቸውን ገርበብ አድርገው መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ። ባርኔጣ ወለቀ። ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው ብዬ ብጮህ፣ አዎ ልጄ፣ ከድካማቸው ዐረፉ ብለው ሐጂ አጽናኑኝ። የአክስቴ የልብ ወዳጅ እትዬ ዘነበች ጠጋ ብለው ነፍስ ይማር አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቤቱ በማን ስም እንደሆነ ጠየቁኝ። በቦይ ውሃ ተጣልተው አክስቴን ለዓመታት ያኮረፉት ወይዘሮ አስካለ ግን ደረታቸውን እየደቁ ሳንታረቅ፣ ወይኔ ሳንታረቅ እያሉ ተከተሉን። እንባቸው የእውነት ነበር፣ እኔንም አንጀቴን በላኝ። ወደ አክስቴ ጎንበስ ብዬ፣ እትዬ ይነሱ፣ ሰው እያለቀሰ ነው ብላቸው፣ ከነጠላው ሥር በሹክሹክታ፣

«ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው» አሉኝ።

መድኃኔዓለም ደጃፍ ስንደርስ ነጠላቸውን ገልጠው ቁጭ አሉ። አንዱ ጎረምሳ ገመዱን ለቆ ሮጠ፣ ደግነቱ ሜዳ ላይ ደርሰናል። ወይዘሮ አስካለ፣ አንቺ ሴትዮ እንዲህ ታስለቅሺኝ ብለው ተቆጡና፣ በዚያው ቁጣ ክንዳቸውን ሰጧቸው። አክስቴ ተደግፈዋቸው ገቡ፣ ሁለት ዓመት የናፈቁትን ደጅ ተንበርክከው ሳሙ። እኔ ምሰሶ ተደግፌ አየኋቸው፣ በዚያች ሰዓት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ይህኛው ደስ አለኝ።

ቅዳሴው ሲወጣ መመለሱ ዳገት ነው፣ ዳገት ደግሞ ለጠገበ ባትሪ ሰርጉ ነው። ያለ ገመድ፣ ያለ እድር፣ ሽቅብ ተምዘገዘግን። በኩራት ዞር ብዬ፣ እንዴት ነው እትዬ፣ ተመቸዎት ወይ አልኳቸው።

ማን ምን ያህል እንዳለቀሰላቸው አንድ በአንድ ሰምተው መርካታቸውን ነገሩኝ። ዘነበችንም እንዳወቋት፣ አስካለንም እንዳወቋት። አሳድጌህ የአንተን ድምፅ ግን አልሰማሁም አሉኝ።

እትዬ፣ በሕይወት እያሉ እንዴት ላልቅስ ብላቸው፣ አስካለስ እንዴት አለቀሰች ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

የቀረውን ዳገት እያለቀስኩ ነዳሁ።