በቀትር የሚያቃስተው ቤት

ቤት የሚገዛ ሰው የሚያየው ግድግዳውን ነው፤ የሚፈራው ግን ሌላ ነው። ጣሪያው ያፈስ እንደሆን፣ ምሰሶውን ምስጥ ጀምሮት እንደሆን፣ ካርታው ንጹሕ እንደሆነ ይጠይቅ ይጠይቅና በመጨረሻ ደላላውን ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቤቱ ግን… ሰላም ነው?» ይላል። እኔ ይህን ጠይቄ አላውቅም የምትሉ እጃችሁን አውጡ። መምህር ነኝ፤ የወጣ እጅ መቁጠር እችልበታለሁ።

በእኛ በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ስሙ የጠፋ ቤት የሌለው ሰፈር የለም። እኔ በምኖርባት በሞጣ፣ ፍየል እንኳ አጥሩን አይነካውም የሚባል ቤት አለ። አጥሩ ወተቱ የሚያቃጥል ቅንጭብ መሆኑን የሚያነሣ ግን አላጋጠመኝም። እንዲህ ያለውን ቤት በቀን ብርሃን እንስቅበታለን፤ ስናልፈው ግን ወደ ማዶው ጠርዝ እንሻገራለን። ምክንያት ስንጠየቅ ጭቃውን ሸሽተን ነው እንላለን። በበጋም ቢሆን።

ታላቅ እህቴ እንዲህ ያለውን ቤት ገዛች።

ስሟ የሺ ነው፤ እኔ እታለም ነው የምላት። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቢቸና ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሃያ ሁለት ዓመት ተከራይታ ኖራለች፤ በሃያ ሁለት ዓመት ዘጠኝ ቤት። የአከራይ ነገር መቼም ታውቃላችሁ። ተከራይ ግድግዳውን አስለስኖ፣ ግቢውን ደልድሎ፣ ጌሾ ተክሎ ሲጨርስ የአከራይ ልጅ ሊያገባ ይነሣል። እታለም በደረሰችበት ሁሉ ሙሽራ አይጠፋም ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን ድግሱን አልቀመሰችም፤ ድግሱ ሲደርስ የልብስ ስፌት መኪናዋ ጋሪ ላይ ናት።

በመጨረሻ አቅሟ የሚችለው ቤት ተገኘ። ባለ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በቂ ጓሮ። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ደላላው አልደበቃትም፤ ቢደብቃትም ሰፈሩ አይደብቅም ነበር። የቀድሞው ባለቤት ብቸኛ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ እዚያው ቤት ውስጥ በቀትር ወድቀው ሞቱ፣ በሦስተኛው ቀን ተገኙ። ከዚያ ወዲህ በቀትር ቤቱ ያቃስታል ተባለ። የቀትር ጋኔን ደግሞ ቄሶቻችን በጸሎታቸው ስሙን የሚያነሡት ነው፤ ተራ ወሬ ብለው አያልፉትም። ሦስት ተከራይ ተራ በተራ ገብቶ ተራ በተራ ወጣ።

እኔም በስልክ ይህንኑ አነሣሁባት። «አበጀ፣ የሞተ ሰው ልጄ ሊያገባ ነውና ልቀቂ አይለኝም» አለችኝ።

ገዝታው ገባች። ቤቷን ለማየት ግን አልሄድኩም። መጀመሪያ ፈተና አለ አልኩ፤ ቀጥሎ ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተበላሸ አልኩ። አራት ወር ሙሉ እየጠራችኝ አራት ወር ሙሉ ምክንያት ስደረድር፣ ምክንያቱም አለቀ፣ ጥቅምትም ጠባ። አንድ ቀን በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ቀየርን፤ ቢቸና የደረስኩት ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ያቺን ሰዓት ሸሽቼ በማለዳ ተነሥቼ፣ ያቺው ሰዓት ቆማ ጠበቀችኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

ቤቱ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለች። ባለሱቋን ሴትዮ የእታለምን ቤት ብጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። «አሁን አይግቡ፣ ወንድሜ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ያቃስታል። እሷ እንኳ ዕለቱ ማርያም ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ አትቀርም፤ የስፌት መኪናዋም ድምፅ የለም» አሉኝ።

ጨዋ ለመምሰል ሣቅ ብዬ አለፍኳቸው። ማስተምረው ፊዚክስ ነው። ድምፅ ያለ ምንጭ አይኖርም እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሞገድ ስስል አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ድምፁ ይመጣል። ረጅም፣ የሻከረ፣ ከመሬት ሥር እየተጎተተ የሚወጣ የሚመስል። ይቆማል፤ ደግሞ ይጀምራል። ፀሐይ አናቴ ላይ ነች፣ ጥላዬ እግሬ ሥር ተሰብስቧል፣ ዛፉ ላይ ወፍ የለም። ሰው ደጅ ሲቆም እንደሚያደርገው ሳልኩ።

ማቃሰቱ ቆመ። ከዚያ ያ ድምፅ ስሜን ጠራ።

«አበጀ…»

ከማይታይ አፍ ስምህ ሲጠራ አቤት እንዳትል ተብሎ ያደገ ሰው፣ ይህን የሚያስረሳ ትምህርት የትም አላገኘም። ጋኔን በመጀመሪያው አቤት ነው ነፍስ የሚይዘው ይባላል። እግሬ ያለኔ ፈቃድ ዞረ። ሁለተኛ ሲጠራኝ ሱቋ ደርሻለሁ።

ሴትዮዋ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው አስቀመጡኝና ቀትሩ እስኪያልፍ ብጠብቅ እንደሚሻል ነገሩኝ። እሺ አልኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ከፊቴ ብዙ ሰው አለፈ፤ ሁሉም ድምፁን ይሰማል፣ ያማትባል፣ እርምጃውን ያፈጥናል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን የሚያድሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። በዚያ ቀን የሩቁ ዘመድም የቅርቡ ጎረቤትም አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነበርን።

በመጨረሻ አያ ደረሰ መጡ። አናጢ ናቸው፤ ጆሯቸው መስማት ካቆመ ቆይቷል። እታለም እግሩን እንድታሳጥርላቸው የሰጧትን ሱሪ ሊወስዱ ነው። ባለሱቋ በእጃቸው እንዳይገቡ ምልክት ሰጧቸው፤ እሳቸው ሰላምታ መስሏቸው ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ገቡ።

ወዲያው ተመልሰው ወጡ። ሱሪውን አልያዙም።

«ሴትዮዋ ወድቃለች» አሉ፣ ደንቆሮ ሰው እንደሚናገረው ከፍ አድርገው። «እዚህ ሰፈር ሰው የለም?»

ከአያ ደረሰ ቀጥዬ መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ልትመሰክሩልኝ ትችላላችሁ። እታለም በጠዋት መጋረጃ ልትሰቅል ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ወድቃለች። የጭን አጥንቷ ተሰብሯል። በክርኗ እየተሳበች እስከ በሩ ደፍ ደርሳ ነበር፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ድምፅዋ የሷ አይመስልም። እኔ ጉልበቴ ላይ ወድቄ፣ «አሁን ከመኪና መውረዴ ነው» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ውሃ ጠየቀችኝ።

ሐኪም ቤት ተኛች፣ ከዚያ ሞጣ ወስጄ እኔ ቤት ሁለት ወር አስታመምኳት። በቢቸና ወሬው ጸደቀ። ጋኔኑ ገፍቶ ጣላት ተባለ፤ ምስክሩም ከአንድ ሱቅ ደጃፍ የሰማው ሰው ሁሉ ነው። ደላላው ቤቱን የሚገዛ ሰው አለ ብሎ ደወለ፣ ከርካሹም በታች። ሽጪው ብዬ ለመንኳት። እሷ ግን ክራንቿን ይዛ መራመድ ስትለምድ፣ ሙሽራ የማይመጣበትን ቤቴን አልለቅም አለች።

ለጥምቀት ወሰድኳት። ደጃፏ ስንደርስ ክራንቿን ተደግፋ ቆመች፤ ቁልፉን አውጥታ እጇ ላይ ያዘችው እንጂ አልከፈተችም።

«ያን ዕለት እዚህ ቆመህ ሳልክ» አለችኝ። «ሳልህን ከልጅነትህ አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጠራሁህ።»

መዋሸት እችል ነበር። ከሁለት ወር በላይ ዋሽቼ ነበርና ልምዱ አለኝ።

«ሰምቼሽ ነበር፣ እታለም። ፈርቼ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ። እኔም ብሆን ከውጭ ብሰማው እሸሽ ነበር።» ቁልፉን አዞረች። «ለወደፊቱ ግን ስምህን የጠራህን ሁሉ አቤት በለው። ጋኔን ከሆነ ከእግዜር ጋር ትመክተዋለህ። እህትህ ከሆነች ግን ማን አላት?»

ገባች። እኔም ጎንበስ ብዬ ገባሁና የወደቀውን መጋረጃ ሰቀልኩላት፤ ጠረጴዛውን እሷ ይዛልኝ።