ስምዎ፣ ሥራዎ፣ የላከዎት

ከስብሰባ ሁሉ የምጠላው የቱን ነው ብትሉኝ፣ ምሳ የሌለበትን አልላችሁም፤ እሱንማ ማን ይወዳል! እኔ የምጠላው «እስቲ ራሳችንን እናስተዋውቅ» የሚሉትን ነገር ነበር። ማይክራፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንዱ ስሙን በሹክሹክታ ተናግሮ ያሳልፋል፣ ሌላው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረባቸውን ትምህርት ቤቶች ይዘረዝርላችኋል፣ እናንተም ተራችሁ እስኪደርስ የገዛ ስማችሁን እንደ ፈተና ታጠናላችሁ። ጊዜ መግደያ ነው እያልኩ ከስንቱ ጋር ተከራክሬበታለሁ። አሁን ግን አፌን ይዣለሁ።

አፌን ያስያዘችኝ ባለቤቴ በቀለች ናት። በቀለች የከተማችን ምክር ቤት አባል ናት። ማገዶ የሚያነዱ ፋብሪካዎች ወደ ኤሌክትሪክ እንዲዞሩ፣ የሚያወጡትንም ጭስ በየጊዜው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ረቂቅ ደንብ ይዛ ወዲያ ወዲህ ስትል ከረመች። ዝናቡ ወቅቱን መሳቱን ለሀዋሳ ሰው ለማስረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልግም፤ ስለዚህ ረቂቁን በአደባባይ የሚቃወም የለም። ሁሉም «ግሩም ነው!» ይላል። ግሩም እየተባለ ሁለት ጊዜ «ለተጨማሪ ጥናት» ተመለሰ። ማን አስመለሰው? እንጃ! የምክር ቤቱ ዘመን ደግሞ እያለቀ ነው፤ አሁንም ከተመለሰ አለቀለት ማለት ነው። በቀለች እንቅልፍ አጣች፤ እኔም አብሬ አጣሁ።

የመጨረሻው የሕዝብ ውይይት በባህል አዳራሽ ተጠራ። እኔም «እንደ አንድ ነዋሪ» የምናገረውን ተለማምጄ፣ ሱፌን ለብሼ ሄድኩ። ቤቱ ጢም ብሏል። ሰብሳቢዋ በቀለች ናት። ገና ከመጀመሩ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ የአዲስ አበባ በረራ ወረቀት ገና ከቦርሳው ያልተፈታ አንድ ሽቅርቅር ሰው ተነሣና፣ «ክብርት ሰብሳቢ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ትውውቁን ብናልፈውስ?» አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ልደብቃችሁ!

«አናልፍም» አለች በቀለች። «ሁሉም ሰው ስሙን፣ ሥራውን፣ የላከውን ይናገራል። ከእርስዎ እንጀምር።»

ሰውዬው ፈገግ ብሎ ስሙን ተናገረና፣ «የአየር ንብረት ባለሙያ ነኝ፤ ለምድራችን የምቆረቆር» አለ።

«ማን ላከዎት?»

«ህሊናዬ።»

«ህሊናዎ ከአዲስ አበባ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጥልዎታል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ በመጨረሻም የላከው የባለፋብሪካዎቹ ማኅበር መሆኑን ተነፈሰ። ረቂቁ ቀድሞ ሁለት ጊዜ ሲመለስ «ገለልተኛ ባለሙያ» ተብሎ አስተያየት የሰጠውም እሱ ራሱ ኖሯል። እኔ ብሆን አስወጣው ነበር። እሷ ግን እንደ እንግዳ ነው የተቀበለችው።

«እንኳን ደህና መጡ። መናገር መብትዎ ነው፤ ባለፋብሪካዎቹም የከተማችን ሰዎች ናቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የሚጻፈው በላኪዎችዎ ስም ነው።»

ማይክራፎኑ መዞር ሲጀምር አንድ የታቦር ሰፈር ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተነሡና በሲዳሙ አፎ ተናገሩ። በቀለች ለማንሰማው ተረጎመችልን። «ልጄ፣ እኔ ነዋሪ ነኝ። ዛሬ ግን በመኪና ያመጡኝ ባለፋብሪካዎቹ ናቸው፤ ‹ጊዜው አልደረሰም በሉ› ብለውኛል። ይህም ይጻፍልኝ። ለራሴ ከጠየቅሽኝ፣ ጭሱ ይብቃን።»

«ይጻፋል፣ አባቴ» አለች።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ሰው ያላት ከተማ ውስጥ በመኖሬ ኮራሁ! ሽማግሌው ቁጭ ከማለታቸው «እኔንም እነሱ ናቸው ያመጡኝ» የሚለው በዛ፤ አንዱማ ከላኪው ሌላ የነዳውን ሾፌር ስም ጨምሮ አስመዘገበ። ባለሙያውም በተራው ተናገረ፣ «ጊዜው አልደረሰም» አለ፤ ሰዉም በጨዋነት አዳመጠው። አሁን ግን የማን ቃል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ ማይክራፎኑ እኔ ዘንድ ደረሰ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «እንደ አንድ ነዋሪ…» ከማለቴ፣

«ሥራዎ?» አለችኝ። እርስዎ! ቤት ውስጥ ስንት ዓመት «አንተ» የነበርኩት ሰውዬ!

«መምህር።»

«ከመድረኩ ጋር ዝምድና አለዎት?»

«ባልሽ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞረች፤ «ጻፍ፤ የሰብሳቢዋ ባል። ድምፁ አይቆጠርም።»

ንግግሬን ዋጥኳት። በመጨረሻም «ረቂቁ ሳይመለስ ለምክር ቤቱ ይቅረብ የምትሉ?» ተባለ፤ አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። የሽማግሌው ምርኩዝ ሳይቀር ወጣ። የሚቆጥረው ልጅ በየረድፉ እየቆጠረ መጣና እኔ ጋ ሲደርስ ዘሎኝ አለፈ።

እጄን ግን አላወረድኩም።